የዓይኗ ነጭ

ጥቅምት 4

ስልክ ለማያነሳው ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ብጠይቅህ «ደህና ነኝ» ብለህ ትዋሸኛለህ፤ በእኛ ቤት መዋሸት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፣ ሥራዬን አትቀማኝ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ያማታል፣ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። ፀጉር ቤቱም አለ። አዲስ ወንበር ገዛሁ፤ ወደ ኋላ ይተኛል ተብሎ ነበር፣ የሚተኛው ግን ደንበኛው ሳይፈልግ ነው።

ደብዳቤህን ከአንተ ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር ከነላቡ አስረከበኝ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ነርሷ ስለዚያች ሴትዮ ልትነግርህ የደወለች እየመሰለህ ስልኩን በካልሲ ጠቅልለህ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደከተትከው ጽፈሃል። ይህን ለእማዬ አላነበብኩላትም። «ኔትወርክ የለም ይላል» አልኳት። ኔትወርክ የሌለበት አገር ምን ሊሠራ ሄደ ብላ ያዘችኝ። ምን ልበላት? ታላቁ ልጅሽ፣ የሰፈሩ ኩራት፣ አንዲት ሴትዮ ሐሞቷ ውስጥ ያለውን ጠጠር ሊያወጣ ገብቶ የማይቆረጠውን ቱቦ ቆረጠ፣ ከዚያ ወዲህ ቢላ ማየት ስላስጠላው ሰው ወደማያውቀው ከተማ ሸሸ ልበላት? እሷ አሁንም ዕድገት አግኝተህ የሄድክ ነው የሚመስላት። ለጎረቤትም እንደዚያ ብላ ጨርሳለች፤ አሁን ብትመለስ እንኳ ከዕድገትህ ዝቅ ብለህ ነው የምትመጣው።

ሆስፒታሉ አጠገቧ እንዳትደርስ ስለከለከለህ እኔ አይቻት እንድጽፍልህ ለምነኸኛል። እሺ። ትናንት ሄድኩ። የፎቶ ኮፒ ሱቋ በመድኃኒት ቤቱና በልብስ ሰፊው መሀል የተጨናነቀች ክፍል ናት፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ። በርጩማው ላይ አባቷ ስቴፕለር ታጥቀው ተቀምጠዋል፤ ወረቀት እያያያዙ ገቢ ወጪውን ያዩታል፣ ማንንም አይወዱም። ባዶ እጄን መግባት ስለማይሆን የማባዛው ነገር ፈለግኩ። ቤት ውስጥ በስሜ ያለው ወረቀት የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አሥር ኮፒ አልኳት። ካርዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ይህን ነው አሥር የምታደርገው?»

«ለዘመድ ወዳጅ የሚታደል ነው» አልኳት።

ሳቀች ጋሼ። ቆማ ትሠራለች፣ መልስ ትቆጥራለች፣ ትስቃለች። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። አሁን እባክህ ስልኩን ከካልሲው አውጣ፣ ቢላህንም አንሳ። ሰው አልገደልክም።

የማትኮራበት ታናሽህ


ጥቅምት 19

ለወንድሜ፣

ስለሄድክልኝ አመሰግናለሁ። ያ ካርድ አሥር ኮፒ አያስፈልገውም ነበር፤ አንዱም በዝቷል።

ስልኩን አላወጣሁትም። እዚህ ያለው ሆስፒታል ትንሽ ነው። የቀዶ ጥገናው ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው፤ ከመጣሁ ወዲህ አልከፈትኩትም። ተመላላሽ አያለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውን ወደ ትልቁ ከተማ እልካለሁ። መጀመሪያ ላይ ነርሶቹ ለምን እንደማልሠራ ይጠይቁኝ ነበር። አሁን ወረቀቱን ሞልተው ለፊርማ ብቻ ያመጡልኛል።

ምን እንደሆንኩ አልጠየቅከኝም፤ ልንገርህ። እጄን አያለሁ። ሳሙና ይዤ አየዋለሁ፣ ብርጭቆ ይዤ አየዋለሁ። ያን ቀን አልደከመኝም፣ አልቸኮልኩም፣ ከማንም ጋር አልተጣላሁም። አንድ ምክንያት ባገኝ ታቅፌው እተኛ ነበር።

እዚያ በነበርኩበት ሆስፒታል ሐሙስ ሐሙስ ሐኪሞቹ ተሰብስበን፣ ሥራው የተበላሸበት ሰው ተነስቶ ይናገራል። ተነስቼ ተናገርኩ። ማንም አልሰደበኝም። ወንበሮች ተንቋቁ፣ አንድ ሰው ሳለ፣ በቃ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ጠረጴዛዬ ዙሪያ አንድም ሰው አልተቀመጠም፤ የሚተላለፍ በሽታ የያዘኝ ይመስል ነበር። ቱቦዋን የሰፋልኝ ትልቁ ሐኪም እንኳ ሳህኑን ይዞ ሌላ ጥግ ሄደ። ኃላፊዬ በኋላ ኮሪደር ላይ ያዘኝና ከእንግዲህ እሷ ጋ እንዳልሄድ፣ ይቅርታ መጠየቅ ማመን ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱ እንደሚያናግራት ነገረኝ። ሲከለክለኝ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ስትስቅ ጎኗን ይዛ ነበር? የዓይኗ ነጭስ ምን ይመስላል? በደንብ እይልኝ።

ወንድምህ


ኅዳር 3

ለክቡር የተደበቀው ሐኪም፣

ሰላይህ ሪፖርት ያቀርባል። ጎኗን ይዛ አልሳቀችም፤ አፏን ይዛ ነው የሳቀችው፣ አንድ የጎን ጥርስ የላትም። አሁን በየቅዳሜው እሄዳለሁ። ካርዴን አባዝቼ ስለጨረስኩ የእማዬን የውኃ ደረሰኝ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት የቀረሁት መንትያ ወንድሜ ስለታመመ ነው ብዬ ማልኩላት፤ አመነችኝና ዛሬ «ወንድምህ እንዴት ሆነ?» ስትለኝ እኔው ራሴ መንትያው ነኝ አልኳት። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። አባቷ ብቻ አልሳቁም፤ ስቴፕለሩን ከፍተው ሽቦ መጉረሱን አረጋገጡ።

ጫማዋ ጥሩ ነው፤ ቡናማ፣ ከፊቱ የተከፈተ። ተረከዙ ተበልቷል፣ ሲያስጠግኑት ያምራል። ፀጉሯ የሚያስቀና ነው፣ አሠራሩ ግን የባለሙያ አይደለም፤ በእኔ እጅ ቢወድቅ ሌላ ሴት ትሆን ነበር። አንድ ነገር ብቻ አለባት። ማሽኑ ሲሞቅ ይሁን ምን ይሁን እንጃ፣ ቁንጫ እንደገባበት ሰው ክንዷን ታካለች። በማስመሪያ ስታክ ደርሼባት፣ ስትጨርስ ማስመሪያውን ለእኔ ጀርባ እንድታከራየኝ ጠየቅኳት።

ወንድምህ መሆኔን ሳታውቅ ስለ አንተም አንድ ነገር ተናግራለች። አሁን አልጽፈውም። ስድብ አይደለም። ስድብ ቢሆን እየሳቅኩ እጽፍልህ ነበር።

እማዬ ዕድገትህ የስንት ደረጃ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላኛለች። የጎረቤቷ ልጅም አድጓል፤ መወዳደር ትፈልጋለች።

ታናሽህ


ኅዳር 14

ለወንድሜ፣

ስለ ጫማዋ ግማሽ ገጽ ጽፈሃል። ስለ ጥርሷ፣ ስለ ፀጉሯ፣ ስለ አባቷ ስቴፕለር ጽፈሃል። የጠየቅኩህ ስለ ዓይኗ ነበር። አንተ የሰው ዓይን ሳታይ የምታልፍ ልጅ አይደለህም፤ በሰው ላይ ስትቀልድ መጀመሪያ የምታየው ዓይኑን ነው። ስለዚህ አይተህ ዘለልከው ማለት ነው።

ክንዷን ማከኳ ቀልድ አይደለም። የተሰፋው ቱቦ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ከጠበበ ሐሞቱ መውረጃ ያጣና ወደ ደሟ ይመለሳል። ያኔ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ቀጥሎ ብርድ ብርድ ይላታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልህም። በጊዜ ከተደረሰበት ሌላ ሐኪም ገብቶ ያስተካክለዋል። ጊዜው ካለፈ አይሆንም።

ስንት ቅዳሜ እንዳየኸውና ዝም እንዳልክ አሁን አልጠይቅህም። ነጩ ምን ይመስላል? በአንድ ቃል መልስልኝ።


ኅዳር 21

ጋሼ፣

ቢጫ።

በአንድ ቃል ስላልከኝ ነው። የቀረውን አሁን ላውራ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነጭ ነበር፣ እሱን አልዋሸሁህም። በኋላ ፀሐይ ላይ እንደቆየ ወረቀት እየሆነ ሄደ። ብጽፍልህ ያን ስልክ ከነካልሲው ወንዝ የምትከተው መሰለኝ። ትንሽ ልጠብቅ፣ ይጠራ ይሆናል አልኩ። እስኪጠራ ላስቅህ ፈለግኩ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ደንበኛዬን ግማሽ ራሱን ቆርጬ ወንበሩ ላይ ትቼው ሮጥኩ፤ እስካሁን ይሰድበኛል። ዓይንሽ ቢጫ ነው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ አልኳት። የማሽኑ መብራት ነው አለችኝ። ማሽኑን አጥፊው አልኳት። ወረፋ የያዘ ሰው እያለ ማሽን አይጠፋም አለች። በመጨረሻ ቆርጬ ነገርኳት፤ ያከመሽ ሐኪም ወንድሜ ነው፣ ይህን ያለው እሱ ነው አልኳት። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። እሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

«እሱ ወንድምህ ከሆነ እኔም የጤና ሚኒስትሯ ነኝ።»

ማልኩላት። ስምል ባሰባቸው፤ ስለ መንትያው ወንድሜም በዚያው አፌ ነው የማልኩት። አባቷ ተነስተው በስቴፕለር አስወጡኝ።

እኔን ብታምንም እኮ እዚያ ሆስፒታል አትገባም። ያኔ ያልጻፍኩልህ ነገር ይህ ነው። ተኝታ ሳለች በሯ ድረስ መጥተህ፣ እጀታውን ይዘህ፣ በመስታወቱ እያየችህ ተመለስክ አሉ። «ሰው ይሳሳታል። ግን ምን እንዳደረጉኝ አንድም ሐኪም ቁጭ ብሎ አልነገረኝም። የነገረችኝ ወለል የምትወለውለዋ ልጅ ናት» አለች። ይህን ስትል አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ወረቀት እያስተካከለች ነው የተናገረችው።

ምን ላድርግ?


ኅዳር 29

ለወንድሜ፣

የበሩ ነገር እውነት ነው። እጀታው ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ልትቀመጥ ሞከረች፤ እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው። እኔ ተመለስኩ። የከለከሉኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ በፊት ቢሆን ማሳበቢያ ይሆነኝ ነበር።

ለድሮው ኃላፊዬ ጻፍኩለት። እንደማንኛውም ሰው ካርድ አውጥታ ትምጣ አለኝ። ቱቦዋን ለሰፋው ሐኪም ጻፍኩ፣ አልመለሰልኝም። እኔ መምጣት አልችልም። ሻንጣ ይዤ እስከ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ወረድኩ፤ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ የጫነው ሰውዬ አወረደልኝ።

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ግንበኛ አንጀቱ ተጠምዝዞ መጣ። በእኔ እጅ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ልጆቹ እዚሁ አይቻልም ወይ ብለው ለመኑኝ። መሣሪያ የለም አልኳቸው። መሣሪያው አለ፣ ተቀቅሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፈርሜ ላክሁት። ከከተማው ውጭ ካለው ድልድይ ሳይደርስ አረፈ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ካስቀመጥኩ ማንንም የማልጎዳ መስሎኝ ነበር። ሳልነካውም ሞተ።

ለእማዬ ደህና ነው በላት።


ታኅሣሥ 7

ጋሼ፣

ደህና ነው አልኳት። ስለ ደረጃው ግን አሁንም ትጠይቃለች።

ትናንት ሱቁ ዝግ ነበር። ዛሬ ተከፍቷል። ሰው ሁሉ በላብ በሚጠመቅበት የማሽኑ ሙቀት እሷ ካፖርት ለብሳ ማሽኑን ተደግፋ ቆማለች፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ከበሩ ይሰማል። ብርድ ብርድ ይላታል ያልከው እሱ መሆኑን ለማወቅ ዘጠነኛ ክፍል መግባት አላስፈለገኝም። አባቷ ጉንፋን ነው ይላሉ። መድኃኒት ቤቱ የጉንፋን ሸጦላታል። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ገና «ዛሬ አቅም የለኝም፣ አታስቀኝ» አለችኝ። ሳልናገር ነው እንግዲህ።

አንተ ስትፈራ ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ እኔ ስፈራ እቀልዳለሁ። ሁለታችንም ለዚህች ሴትዮ አልረባናትም። እኔን አታምነኝም፣ ልክ ናት። አንተን ግን ታምንሃለች። ትጠላህ ይሆናል፤ ቀልደህባት ግን አታውቅም።

የአውቶቡሱን ሾፌር አናግሬዋለሁ። መናኸሪያው ላይ ይጠብቅሃል፣ ከጎኑ ያስቀምጥሃል፣ ልትወርድ ስትል በሩን አይከፍትልህም። ይህንን ቀልድ ብለህ እንዳታልፈው፤ ከፍዬዋለሁ።

ና።


ታኅሣሥ 16

ለወንድሜ፣

ይህን የምጽፍልህ ከትልቁ ከተማ ሆስፒታል፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ደጃፍ ነው። እሷ ውስጥ ናት። የሚሠራላትን ሐኪም አላውቀውም። እኔ ቤተሰብ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ነኝ፣ አባቷ አጠገቤ ናቸው። ለሾፌሩ ምስጋናዬን አድርስልኝ፤ እውነትም አልከፈተልኝም።

ሱቁ ውስጥ የሆነውን አብረኸኝ ስለነበርክ አልደግመውም። ብዙውን እኔም አላስታውሰውም። «የማይቆረጠውን ቱቦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ካልሄድሽ ትሞቻለሽ» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ወረፋ የያዙት ሰዎች ወረቀታቸውን እንደያዙ አንድ በአንድ መውጣታቸው ትዝ ይለኛል። ማሽኑን እሷ ራሷ አጠፋችው።

መንገድ ላይ አላናገረችኝም። ከተማው ሊታይ ሲል ብቻ፣ ስቆርጠው አውቄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ አላወቅኩም፣ ጥቂት ቆይቶ ነው ሐሞቱ ሲፈስ ያየሁት አልኳት።

«ካወቅህ በኋላስ?»

ከበርሽ ተመለስኩ አልኳት። አንተ ዓይኗን እያየህ ዝም ማለትህንም ነግሬያታለሁ። ልደብቅልህ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ምን ልደብቅ ነው የመጣሁት አልኩ።

በዚህ ዓይነት በር ስንት ጊዜ ወጥቼ «ሁሉም ደህና ሄዷል» እያልኩ ሳልቆም አልፌያለሁ። አግዳሚው ይህን ያህል ዝቅ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። የሚወጣውን ሰው መጀመሪያ የምታየው ጫማውን ነው፤ ፊቱ ላይ እስክትደርስ ልብህ ሥራውን ይጨርሳል።

አሁን አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ። ያን ቀን እጅህ ተንቀጥቅጦብህ ነው ወይ አሉኝ። አልተንቀጠቀጠም፣ እርግጠኛ ነበርኩ አልኳቸው።

«ይሄኛው ይብሳል» አሉኝ።

በሩ ተከፈተ። ቆይ።


የካቲት 3

ጋሼ፣

ከዚህ በፊት ያልጻፍኩልህ ልጽፍልህ የነበረው እያደር ስለተለወጠብኝ ነው። መጀመሪያ ደስ የሚለውን። ወጥታለች፣ ሱቋን ከፍታለች፣ ትበላለች፣ አታክም። ዓይኗ ነጭ ነው። ከደጅ ሆኜ አየሁት፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ።

አሁን የቀረውን። ከሳሃለች። ያቀረበችው ለሐኪሞች ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ነው። ክሱን በራሷ እጅ ጻፈችው፣ በራሷ ማሽን አባዛችው፣ አባቷ በዚያ በሚታወቀው ስቴፕለር አያያዙት። ሰምቼ ስሮጥ ሄድኩ። አድኖሽ ነው የምትከሽው አልኳት። ያዳነኝ ሌላ ሐኪም ነው፣ እሱ የነገረኝ ነው አለችኝ። ሰው ፊት እኔ ነኝ ያለውን እንዳለ ጽፌዋለሁ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም አለች። ለመንገርህ ታመሰግንሃለች። ለመዘግየትህ ደግሞ መጠየቅ አለብህ ትላለች።

ተናድጄ ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። የምሳደበው ጠፋኝ። ይህ ይደርስብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኃላፊህ መግለጫ ሰጥቷል አሉ። ሐኪሙ ከትእዛዝ ውጪ በራሱ ፈቃድ ሄዶ ተናገረ፣ ሆስፒታሉን አይመለከትም ብሏል። ቱቦዋን የሰፋው ሐኪም አላየሁም አልሰማሁም ነው። ዝም ያሉት ሁሉ ምሳቸውን እየበሉ ነው። የተናገርከው አንተ ብቻ ስለሆንክ የተገኘኸውም አንተ ብቻ ነህ። እኔ ነኝ ና ያልኩህ።

ለእማዬ ነገርኳት። ዕድገት አለመሆኑንም፣ ሌላውንም። ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝ። ከዚያ «ይበላል?» አለችኝ። ይበላል አልኳት። ዋሸሁ?


የካቲት 26

ለወንድሜ፣

እበላለሁ። ለእማዬ እውነቱን ነው የነገርካት። ስልኩም ከቁም ሣጥኑ ወጥቷል፤ አሁን ግን የሚደውል የለም።

ፈቃዴ ታግዷል። እስከ መቼ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ የለም። እሷን እንዳትጣላት። የጻፈችውን አነበብኩት፤ እኔ ሐሙስ ዕለት ተነስቼ ከተናገርኩት ይልቅ የእሷ ትክክል ነው።

ካንተ ዘንድ ተመልሼ የቀዶ ጥገናውን ክፍል ከፍቼው ነበር። ጥቂት ሰው ሠራሁ። የመጀመሪያው ላይ ከከፈትኩ በኋላ ቆሜ ቀረሁ፤ ያየሁት ያ ነው ወይስ የመሰለኝ ነው እያልኩ ደግሜ ደግሜ አየሁ። ነርሷ ቀስ ብላ «ዶክተር» አለችኝ። ሠርቼ ጨረስኩ። ዳኑ፣ ሁሉም ዳኑ። ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ምን እንዳደረግኩላቸው እነግራቸው ነበር፤ አንዳንዱ አልሰማም ይላል፣ በግድ እነግረዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱ መጣ።

ትናንት አንዲት ልጅ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ደርሶ አመጧት። እናቷ እግሬ ላይ ወደቀች። አልችልም፣ ተከልክያለሁ አልኳት። መኪና ላይ አስጭነን ላክናት፤ ትድረስ አትድረስ እስካሁን አልሰማሁም። ግንበኛውን የላክሁት ፈርቼ ነበር፣ እሷን የላክኋት ታግጄ ነው። እናቷ ግን የግንበኛው ልጆች ባዩኝ ዓይን ነው ያየችኝ። ከመኪናው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ልዩነት የለውም።

ቁልፉን ዛሬ አስረከብኩ።

አንተን ምን አለችህ? ስለ እኔ ያለችውን ሁሉ ጽፈሃል፣ ስለ ራስህ ያለችውን ዘለልከው።

ወንድምህ


መጋቢት 13

ጋሼ፣

እንደዘለልኩት ታውቃለህ፤ ሐኪምነቱን እንጂ ታላቅነቱን አላገዱህም።

ስለ ክሱ በሄድኩ ዕለት፣ ልወጣ ስል ጠራችኝ። «አንተ በየቅዳሜው ዓይኔን ልታይ ነበር የምትመጣው። እያየህ ታስቀኝ ነበር። ወንድምህ ዘገየ፣ ግን መጥቶ ነገረኝ» አለችኝ።    ከዚያ ወዲህ በሱቁ አላለፍኩም፤ የእማዬን የውኃ ሒሳብ ልከፍል እንኳ በዙሪያ መንገድ ነው የምሄደው።

ዛሬ ፀጉር ቤት መጣች። አባቷን በክንዳቸው ይዛ። ሰውዬው ከዚያ ከአግዳሚው ከተነሱ በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ራሳቸውን መላጨት አልቻሉም። ከተማው ውስጥ ስንት ፀጉር ቤት እያለ ለምን እኔ ጋ እንደመጣች አልጠየቅኩም። የሚጠብቁት ደንበኞቼ እኔን ስለሚያውቁ አንድ ነገር እንድል ጆሯቸውን አቁመዋል።  ሽማግሌውን አስቀመጥኳቸው፣ ፎጣውን አሠርኩላቸው፣ አረፋውን ቀባኋቸው። ቆዳቸው እንደ እርጥብ ወረቀት ነው፤ ወጠር ሲያደርጉት ይንሸራተታል። ምላጩን ሳነሳ ከኋላዬ ሆና ተናገረች።

«ካደማሃቸው እንዳትደብቀኝ።»

እሺ አልኳት።

አንድ ጉንጭ ጨረስኩ፣ ሌላውን ጨረስኩ። አገጫቸው ሥር ስደርስ ምላጩ ነካቸው። ትንሽ ናት ጋሼ፣ ከአረፋው በታች ናት፤ ሽማግሌው እንኳ አልተሰማቸውም። በአውራ ጣቴ ይዤ ብቆይ ይቆም ነበር። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን የአንተን አውቶቡስ አሰብኩ፤ በሩ አለመከፈቱን። «አደማኋቸው» አልኳት።  ተነስታ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አገጫቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ቀጥል» አለችኝ፤ ተመልሳም ተቀመጠች።